ጥቃቅን ማሻሻያዎች

ሰውየውን ያገኘነው በጓሮው የብረት ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነው። አንድ ጫማው እግሩ ላይ ነው፤ ሌላው ከላይ፣ ከደረጃው ራስ ላይ ቀርቷል። ማክሰኞ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ዝናብ አልነበረም፤ ደረጃው ደረቅ ነው።

«ወድቆ ነው» አለ ሳጅኑ ወደ ላይ አንጋጦ። «ይሄም ደረጃ ተብሎ! መሰላል እኮ ነው። እኔም ስወርድ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።»

«አንገቱን እየው።»

ጎንበስ አለ። ማጅራቱ ላይ ቀጭን ቀይ ሰንበር ነበር። ከሸሚዙ ኮሌታ ሥር ደግሞ የተበጠሰ ጥቁር ክር ወጥቷል። ክሩ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው ነገር ግን የለም።

ሳጅኑ ቀና ሲል ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። «እንግዲያው ብቻውን አልነበረም።»

ሟቹ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ሰፈሩ «ዘበኛው» ይለዋል። ክፍሉ ከልብስ ስፌት ቤቱ በላይ ነው። ወጥተን ስናይ ያልበራ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ ደብተርና በመሳቢያ የተደረደሩ ያረጁ ስልኮች ብቻ አሉ። ለመፈተሽ የተገለበጠ ነገር የለም። የመጣው ሰው የሚፈልገውን ያውቅ ነበር።

አስከሬኑን መጀመሪያ ያዩት ታች ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስድሳን ያለፉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴት።

«ዘጠኝ ሊሆን ሲል ስልኬ አልሞላ ብሎኝ ላሳየው ወጣሁ» አሉኝ። «ክፍሉ ክፍት ነው፣ እሱ የለም። የኋላው በር ወለል ብሏል። ብቅ ስል...» አፋቸውን በመሀረብ ያዙ።

«ከዚያ በፊት የሰሙት ነገር አለ፣ እትዬ? ጭቅጭቅ? የሚወድቅ ነገር?»

«አራት ማሽን እየተንጫጫ ምን ይሰማል ልጄ? ማሽኔ ላይ ነበርኩ። ምንም አልሰማሁም። ምንም።»

«የሚጣላው ሰው ነበር?»

«እሱ? ዝንብ አይነካም። ትናንት ሰኞ ግን አንዲት ሴት መጥታ ጮኸችበት። ‹ምንድነው የጫንክልን!› እያለች ስልክ ወረወረችበት። እሱ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ስልኩን አንሥቶ ‹እህቴ፣ አንድ ቀን ስጪኝ› አላት።»

የሴትየዋን መልክ እየጠየቅኳቸው ሳለ አንድ ረዥም ሰው እየሮጠ መጣ። አስከሬኑን ሲያይ ግድግዳውን ያዘ። የኮሌጅ የኮምፒውተር መምህር ነው፤ የዘበኛው ባልደረባ።

ውኃ ሰጥተነው ሲረጋጋ ዘበኛው የሚሠራውን ያስረዳኝ እሱ ነው።

«የአፕ መደብር ነው» አለኝ። «ስልክዎ ላይ ትልቁ ሱቅ አለ አይደል? እዚያ ለመግባት ድርጅት መሆን አለብዎት። ወረቀት አለ፣ ዓመታዊ ክፍያ አለ። ብዙ ጥሩ ሥራ በር ላይ ይቀራል። ያረጀ ስልክ የያዘ ሰውም እዚያ ቦታ የለውም። እኛ ለነሱ ነን። ሰው ከኛ ገጽ ያወርዳል፣ ራሱ ስልኩ ላይ ይጭናል።»

«ጠባቂ የሌለው ገበያ ነዋ» አለ ሳጅኑ።

«ጠባቂ አለው እንጂ! ‹የትልቁ ሱቅ ዘበኛ መሥሪያ ቤት ነው፤ የዚህኛው ዘበኛ እኔ ነኝ› ይል ነበር። ስሙም በዚያው ወጣለት። እኔ እፈትሻለሁ፣ እሱ ያትማል። የሱ ማኅተም ያላረፈበትን አፕ ስልኮቹ አይቀበሉም። ማኅተሙ የአውራ ጣት የምታክል ፍላሽ ውስጥ ነው። ከአንገቱ አያወልቃትም።»

ሳጅኑና እኔ ተያየን።

ሳጅኑ በራሱ ስልክ የመደብሩን ገጽ ከፈተ። «ዛሬ አንድ አፕ ወጥቷል። ‹መርፌዬ› ይላል፣ ስሪት ሁለት ነጥብ አራት። ሰዓቱ ሰባት ከአርባ። ያለ እሱ ማኅተም አይወጣም ካሉ፣ እስከ ሰባት ከአርባ በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

መምህሩ ስልኩን አየ፣ ከዚያ መሬቱን አየ። አዎም አላለ፣ አይደለምም አላለ።

«እርስዎ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ?» አልኩት።

«ኮሌጅ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ፈተና አስፈትን ነበር። አርባ ተማሪ አይቶኛል።»

ሰባት ከአርባን በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና ሁለቴ አሰመርኩበት። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንደዚያ መስመር የማፍርበት ነገር ጥቂት ነው።

*

ሐኪሙ ረቡዕ ጠዋት እጁን እየታጠበ ነገረኝ።

«የራስ ቅሉ ነው። የወደቀው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፤ ከዚህ አጥብበሽ አትጠይቂኝ። ግን ወዲያው አልሞተም። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቷል።»

«ቶሎ ቢገኝ ኖሮ?»

ፎጣውን ሰቀለ። «የዚህን ጥያቄ መልስ ለሚወዱት ሰዎች አትንገሪ።»

ሳጅኑ ከውጭ ይጠብቀኝ ነበር። ያቺን የጮኸች ሴት አግኝቷታል፤ የአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ናት። በመስኮቱ ብረት ውስጥ ፊቷን አየሁት። አውቃታለሁ።

እሷ ግን ምንም አልደነቃትም። ቀጣዩን ተሳፋሪ ሸኝታ፣ መስኮቱን ዘግታ ወደ ኋላው ክፍል አስገባችን።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ገና ሳልጠይቃት።

የሳጅኑ እጅ ወደ ካቴናው ሄደ።

«ማንን?» አልኳት።

«አባቴን ነዋ። ቅዳሜ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

ነግራኛለች። ቅዳሜ ጠዋት ቢሮዬ ገብታ «አባቴን ገድያለሁና እሰሩኝ» ብላኝ ነበር። እኔ መዝገብ እየቆለፍኩ ነበር፤ ልቤ ቤቴ ሄዷል። በምን ገደልሽው ስላት «በመርፌው» አለችኝ። ሕመምተኛ አባት፣ የደከመች ልጅ፣ ሐዘን። ሌላ ነገር አልታየኝም። «እህቴ፣ ሂጂ ቤትሽ ግቢና እረፊ» ብዬ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ ሸኘኋት። አንድ መስመር አልጻፍኩም።

«አሁን ንገሪኝ» አልኳት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አባቷ ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ ነበር። ስኳር አለበት፤ መርሳትም ጀምሮታል። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ኢንሱሊኑን ትወጋዋለች፣ ከዚያ በአባቷ ስልክ ላይ «መርፌዬ» የሚለውን አፕ ከፍታ «ተሰጥቷል» የሚለውን ትነካለች። ያን ካልነካች ስልኩ «መርፌ አልተሰጠም» እያለ ይጮሃል። ዓርብ ወግታው ወደ ሥራ ወጣች። ከወጣች በኋላ የስልኩ ባትሪ አለቀ፤ አባቷ ራሱ ቻርጅ ላይ ሰክቶ አበራው። ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌው ታዛዥ ሰው ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ራሱን ወጋ፤ ስኳሩ ከልክ በታች ወረደ።

«ስመለስ ወንበሩ ላይ ነበር፣ የተኛ መስሎኝ ጋቢ አለበስኩት» አለች። «መርፌውን መስጠቴን አውቃለሁ። ስልኩን መንካቴን ነው የማላውቀው። አውቶቡሱ እየጠራ ነበር፣ ተጣድፌ ነበር። ነካሁት? አልነካሁትም? አምስት ቀን ሙሉ ይቺን ጣቴን እያየሁ ነው።»

«አባትሽ ከሞተ ገና አምስት ቀኑ፣ ሥራ ገባሽ?» አለ ሳጅኑ።

«የገደለ ሰው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል እንዴ?»

ሳጅኑ እጁን ከካቴናው ላይ አነሣ።

«ሰኞስ?» አልኳት።

«ሰኞ ራሴን መቻል ሲያቅተኝ ሄጄ ሰውየው ላይ ጮህኩበት። ማታውን ደወለልኝ። ‹ነገ በርግጠኝነት የምነግርሽ አለ፤ እስከዚያ በራስሽ አትፍረጂ› አለኝ። ማክሰኞ አልደወለም።»

ማክሰኞ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መስኮቷን አልለቀቀችም፤ የትኬቱ ጉርድና ተቆጣጣሪዋ መሰከሩላት። የአባቷ ስልክ ግን ዘበኛው ክፍል ውስጥ አልነበረም። እንግዲህ የጠፋው ሁለት ነገር ነው፤ ማኅተሙና ስልኩ። ቅዳሜ ቃሏን ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ ያ ስልክ እኔ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ዘበኛውም ከእሱ ጋር ብቻውን ባልተፋጠጠ።

*

የዘበኛው ስልክ ኪሱ ውስጥ ተሰባብሯል። የደወለላቸውን ሰዎች ዝርዝር ግን ከስልክ ድርጅቱ አገኘን። የመጨረሻው ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ ፋርማሲ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ።

ፋርማሲስቱ ወፍራም፣ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው። «ስለ ራስ ምታት መድኃኒት ጠይቆኝ ነው» አለን።

«አሥራ አንድ ደቂቃ?» አለ ሳጅኑ። «ለስንት ራስ?»

ፋርማሲስቱ ሚስቱን ወደ ውስጥ ላካት። ከዚያ የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ አወረደና ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«‹መርፌዬ›ን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «በሽተኞቼ መርፌ ሲረሱ እያየሁ፣ በትርፍ ሰዓቴ ተምሬ ሠራሁት። ትልቁ ሱቅ የሆስፒታል ደብዳቤ አምጣ አለኝ፤ ከየት ላምጣ? ዘበኛው ተቀበለኝ። ሦስት ዓመት ያለ ችግር ሠራ። ከሦስት ሳምንት በፊት ስሪት ሁለት ነጥብ ሦስትን አወጣሁ። ተሳሳትኩ። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ የተሰጠውን መርፌ ይረሳል። እንደገና ይጮሃል።»

«ዘበኛው ይህን አገኘ?»

«በዚያች ሴት ስልክ ላይ። ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ነገረኝ። ስድስት ሰዓት ላይ አስተካክዬ ለእሱም ለመምህሩም ላክሁ። ሲሞት... እንዴት ልበልዎት፣ አንዱን ሽማግሌ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ዘበኛውንም እኔ የገደልኩ መሰለኝ። አፌ ተያዘ።»

«ሴትየዋ ስልኩን ነክታ ነበር ወይስ አልነካችም?»

«ስልኩ ሲገኝ ነው የሚታወቀው። አፑ ይረሳል እንጂ ከውስጥ ያለው መዝገብ አይጠፋም።»

«ለማንኛውም የተስተካከለው ወጥቷል» አለ ሳጅኑ። «ሰባት ከአርባ።»

ፋርማሲስቱ ራሱን ነቀነቀ። ስልኩን አዙሮ አሳየን። ከአዲሱ ስሪት ሥር፣ ለውጡ በሚገለጽበት ቦታ፣ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ጥቃቅን ማሻሻያዎች»።

«ዘበኛው ሳያስፈቅድ ሰው ስልክ ውስጥ አይገባም ነበር» አለ። «ሰው ያነባል፣ ከፈለገ ይጭናል። ‹ጥቃቅን› ተብሎ ተጽፎ ማን ይጨነቃል? የቀድሞው አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ስልክ ላይ አለ። ከእነሱ አዲሱን የጫነው እስከ አሁን ሠላሳ አንድ ሰው ነው።»

ስልኩን መለስኩለት። «ማስጠንቀቂያ አውጡ እንጂ! አሁኑኑ!»

«ያለ ማኅተሙ አልችልም። እኔም አልችልም፣ መምህሩም አይችልም። ስም አንጠይቅም ነበር፤ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ አላውቅም።»

ከሱቁ ስንወጣ ሳጅኑ ለየጤና ጣቢያው መደወል ጀመረ። እኔ ግን ገዳይ ፈላጊ መሆኔ ቀርቶ የአውራ ጣት የምታክል ፍላሽ ፈላጊ ሆኜ ነበር። ስለ ማሻሻያው የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል። ፋርማሲስቱ ያን ቀን ከባንኮኒው እንዳልወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ይናገራል። ሦስተኛውን አርባ ተማሪ ይመሰክርለታል።

*

ሐሙስ ከቀትር በፊት ብቻዬን ወደ ዘበኛው ክፍል ተመለስኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ በስልኬ የቆዩ ማሻሻያዎችን ማንበብ ያዝኩ። ሰውየውን በሕይወት ሳለ አላውቀውም፤ በጽሑፉ ግን የተዋወቅኩት መሰለኝ። አንዱ ጋ «ይህ ስሪት ባረጁ ስልኮች ላይ ያንቀላፋል፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንድ ሳምንት ታገሡኝ» ይላል። ሌላው ጋ «የካርታው አፕ ወንዙን በተሳሳተ ቦታ ያሳይ ነበር። በእሱ ተመርቶ የረጠበ ካለ ይቅርታ» ይላል። የስድስት ዓመቱን ሁሉ አየሁ። «ጥቃቅን» የሚል ቃል የትም የለም።

ደብተሩን ከፈትኩ። ለእያንዳንዱ ስሪት የፍተሻ ዝርዝር አለ፤ በየመስመሩ ምልክት፣ ከታች የፈታሹ ፊርማ። ለሁለት ነጥብ ሦስት ሰባተኛው መስመር «ስልኩን አጥፍቶ ማብራት» ይላል። ምልክት ተደርጎበታል። ፊርማው የመምህሩ ነው። ሁለት ነጥብ አራት ግን ደብተሩ ውስጥ ጨርሶ የለም።

ልብስ ሰፊዋን ስለ መምህሩ ልጠይቃቸው ወረድኩ። ማሽኖቹ እየተንጫጩ ስለነበር መጮህ ነበረብኝ።

«መምህሩ ማክሰኞ መጥቶ ነበር ወይ እትዬ?»

«ምን አልሽ?»

«መምህሩ አልኩ፣ ማክሰኞ...»

መብራት ጠፋ። አራቱም ማሽኖች በአንድ ጊዜ ቆሙ። ድንገት ዝም ሲል ከጓሮ የርግብ ክንፍ እንኳ ይሰማ ነበር። ልብስ ሰፊዋ መቀሳቸውን ጨብጠው እንደ ሐውልት ቀሩ። ከዚያ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

«እንዲህ ነበር» አሉ። «ልክ እንዲህ ዝም ሲል ነው የሰማሁት።»

«ምኑን?»

«ድምፁን። ላይ ሲጨቃጨቁ፣ ከዚያ ደረጃው ሲንጓጓ። ከዚያ ሰው ሲያቃስት። አንዴ። ሁለቴ። ‹የነሱ ጭቅጭቅ ነው፣ ምን አገባኝ፣ ምስክር ተብዬ ልንከራተት ነው› አልኩ። መስኮቱን ዘጋሁት። ሁለት ሰዓት ከመንፈቅ ሙሉ ዘግቼ ተቀመጥኩ። ልጄ፣ ብወጣ ይተርፍ ነበር?»

ሐኪሙ ያለኝን አልነገርኳቸውም። ሁለት እጃቸውን ይዤ «መብራቱ ስንት ሰዓት ላይ ነው የጠፋው?» አልኳቸው።

«እንደ ዛሬው ነዋ። በሳምንት ሦስት ቀን ስድስት ተኩል ላይ ይወስዱታል፣ ስምንት ተኩል ላይ ይመልሱታል።»

ያልበራው የዘበኛው ኮምፒውተር ታወሰኝ። ባትሪ የለውም፤ ግድግዳው ላይ የተሰካ ነው። ሰባት ከአርባ ላይ ከዚያ ክፍል ምንም ነገር ሊወጣ አይችልም ነበር። ሰባት ከአርባ ላይ ዘበኛው ጓሮ ውስጥ ወድቆ ነበር፤ ማኅተሙ ሌላ ሰው እጅ ነው። ለገዳዩ የሰዓት ማመካኛ ሰጥተን የሸኘነው ሳጅኑና እኔ ነን።

*

መምህሩን ባዶ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ አገኘነው። ክፍለ ጊዜው አልቋል። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ቀና አላለም።

«ስንት ደረሰ?» አልኩት።

«ሠላሳ አራት» አለ ወዲያው። ከዚያ የተናገረው ለራሱም ተሰማው።

ከፊቱ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆመ።

«ከትናንት ወዲህ ሦስት ሰው ብቻ» አልኩ። «መምህር፣ እኔ ‹ከሰባት ሰዓት በፊትስ የት ነበሩ› ብዬ አልጠየቅኩዎትም። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን እጠይቅዎታለሁ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲናገር ድምፁ ከመዳፉ ውስጥ ነበር የሚወጣው።

«ያን ሳምንት አሥራ አንድ አፕ ነበር የፈተሽኩት። ሰባተኛው መስመር ላይ ስልኩን ማጥፋትና ማብራት ነበረብኝ። አራት ደቂቃ ይወስዳል። ሁልጊዜ ያልፋል ብዬ ምልክት አደረግኩ። አራት ደቂቃ።»

«ማክሰኞስ?»

«ሄድኩ። ማሻሻያውን ዝም ብለን እናውጣው አልኩት። እሱ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር፤ ‹ይህ አፕ ሰው ገድሏል› ብሎ፣ ከነስሙ፣ ከነስሜ። ለመንኩት። መደብሩ ያከትምለታል፣ ትልልቆቹ ‹ይኸውላችሁ፣ አላልናችሁም?› ይላሉ አልኩት። እውነቱን ለመናገር ግን የፈራሁት ለራሴ ነው። ‹ሰው ሳያውቅ ማዳን አይቻልም› አለኝ። መብራት ጠፋ። ሲመለስ አወጣዋለሁ ብሎ አየር ሊያገኝ ወደ ኋላው በር ወጣ። ተከትዬ ማኅተሙን ያዝኩ። እሱም ያዘ። ሳብኩት። ክሩ ተበጠሰ።»

«ወረዱ?»

«ወረድኩ።»

«ይተነፍስ ነበር?»

መዳፎቹን ከፊቱ ላይ አወረደ።

«አዎ» አለ። «ስሜን ጠራኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለው የሽማግሌው ስልክ ትዝ አለኝ፤ ተመልሼ ወጥቼ ወሰድኩ። ከዚያ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ፈተና አለኝ አልኩ። እንዲያ ነው ያልኩት! ፈተና አለኝ! ተማሪዎቹ ሲጽፉ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ በላፕቶፔ ማሻሻያውን አወጣሁት። ቢያንስ ሰው እንዳይሞት ብዬ። ግን ደግሞ እውነቱን መጻፍ አልቻልኩም። ያቺን ሁለት ቃል ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን እያየሁ ነው። አይጭኑትም። አይጭኑትም እኮ!»

ማሻሻያውን ባያወጣው ኖሮ ምናልባት አልይዘውም ነበር። ይህን ልለው ፈልጌ ተውኩት። ምን ይጠቅመዋል?

«ማኅተሙን ይስጡኝ።»

ከውስጥ ኪሱ አወጣት። ከመሳቢያው ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ስልክ አወጣ። «ልሰብረው ብዬ ሦስቴ አነሣሁት» አለ። «አልቻልኩም።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። «ቆይ» አልኩት። ፍላሿን መልሼ ለመምህሩ ዘረጋሁ። «መጀመሪያ ይጻፉ። እሱ እንደሚጽፈው አድርገው።»

ኮምፒውተሩን ከፈተ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አነበብኩ፦ «ይህን ሳታነቡ አትለፉ። ‹መርፌዬ› ስሪት ሁለት ነጥብ ሦስት ስልክ ጠፍቶ ሲበራ የተሰጠውን መርፌ ይረሳል። በዚህ ምክንያት አንድ አባት ሞተዋል። አሁኑኑ አዲሱን ጫኑ፤ እስክትጭኑ ድረስ ስልኩን አትመኑ፣ በወረቀት ጻፉ። መፈተሽ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አልፈተሽኩም።» ከሥሩ ሙሉ ስሙን ጻፈ። አተመው።

መምህሩ ካቴና ሲገባለት ቁጥሩ ስድሳ ደርሶ ነበር። ዓርብ ጠዋት ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ደረሰ። ሃያ ሦስቱ ቀሩ። ዛሬም ቀርተዋል። ስልካቸውን ቀይረው ይሆናል፣ አፑን ትተውት ይሆናል። ሌላም ሊሆን ይችላል። ሳጅኑ ለየጤና ጣቢያው እስከ ወሩ መጨረሻ ይደውል ነበር፤ ማንም አላዘዘውም።

*

ዓርብ ፋርማሲስቱ የሽማግሌውን ስልክ እኔ ፊት ከፍቶ መዝገቡን አወጣ። እንዳየሁት ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። ሰልፉ ረዥም ነበር። ፖሊስ ነኝ ብዬ መቅደም እችል ነበር፤ አልቀደምኩም። ተራዬ ደረሰ።

«ወዴት?» አለች ቀና ሳትል።

«ነክተሽዋል» አልኳት።

ቀና አለች።

«ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ‹ተሰጥቷል› የሚለውን ነክተሻል። ስልኩ ውስጥ ተመዝግቦ ተቀምጧል። አልረሳሽም። የረሳው ስልኩ ነው።»

በእጇ የያዘችውን ትኬት አስቀመጠች።

«ቅዳሜ ስትመጪ መቀመጫ ሰጥቼ ልሰማሽ ይገባ ነበር» አልኳት። «አልሰማሁሽም። ይቅርታ የምጠይቅሽ ይቅር እንድትይኝ አይደለም።»

«ስንት ሰዓት አሉኝ?»

«አንድ ከአሥራ ሁለት።»

«ድጋሚ ይበሉልኝ።»

ደገምኩላት። ሦስተኛ ጊዜም ደገምኩላት። ከኋላዬ ሻንጣ የተሸከመ ሰውዬ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው! ምን ሆናችኋል?»

ትኬት ቆራጯ እጇን መስኮቱ ብረት ላይ አሳርፋ አየችው።

«አባቴ ሞቶብኝ ነው» አለችው። ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ ግንባሯን ትኬቶቹ ላይ ደፍታ ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሰውየው ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሰልፉም ቆሞ ጠበቃት።